እንጦጦ አረንጓዴ ነው፤ ግን ስንት ዓይነት?

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ሲወጣ እንጦጦ ዛፍ በዛፍ ነው። አሁን የዛፎቹን ብዛት ተዉትና ዓይነታቸውን ቁጠሩ። ብዙ ቦታ ላይ ገና አንድ ስትሉ ታበቃላችሁ። ባህር ዛፍ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ብትሄዱ ግን ቆጠራው ቶሎ አያልቅም። ጽድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ። ከፍ ሲል ኮሶ ይመጣል። ከዚያም በላይ አስታ። በየመሃሉ ሐረጉና ቁጥቋጦው፣ ግንዱ ላይ የሚበቅለው የዛፍ ሽበትና ፈርኑ።

ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱም «ደን» ናቸው። ውስጣቸው የሚኖረው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ትምህርት ቤት ሥነ ምህዳርን፣ ዝግመተ ለውጥን እና ብዝኃ ሕይወትን በተለያየ ምዕራፍ ነው የምንማራቸው። ተሸምድደው፣ ተፈትነው ይረሳሉ። እኔ ግን ሦስቱ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው ባይ ነኝ። ሥነ ምህዳር ዛሬ እዚህ ቦታ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ማንን እንደሚበላ ያያል። ዝግመተ ለውጥ እነዚህ ነዋሪዎች እንዴት እንደዚህ ሊሆኑ እንደቻሉ ይጠይቃል። ብዝኃ ሕይወት ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በእጃችን የቀረው ስንት ዓይነት እንደሆነ ይቆጥራል። ይህን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዳርቻ ይበቃል።

ብቻውን የመጣው ዛፍ

ባህር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። ወደ እኛ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። ምክንያቱ ማገዶ ነበር። በዚያን ዘመን የነገሥታቱ መቀመጫ ከቦታ ቦታ የሚዛወርበት አንዱ ምክንያት የእንጨት ማለቅ ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራዊቱና ገበያተኛው ዙሪያውን ያለውን ደን ይጨርሱና ይነሳሉ። አዲስ አበባ ላይም እንጨት ሲጠፋ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋ ካለችበት እንድትቀር ከረዷት ነገሮች አንዱ በፍጥነት የሚያድገው ባህር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛፉን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ የሰፈሩ ጭቃ ቤቶች ማገርና ወራጅ ከምን እንደሆነ ይመልከት።

ለምንድነው እንዲህ የተሳካለት? ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ከብት አይነካውም። በትውልድ አገሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮአላ የሚባለው እንስሳ የሚኖረው በዚሁ ቅጠል ነው። ቅጠሉን የሚያኝኩ፣ ግንዱን የሚቦረቡሩ ነፍሳት ሞልተዋል። የወደቀውን የሚያበሰብሱ ፈንገሶችም አሉ። ሁሉም ከዛፉ ጋር ለሚሊዮን ዓመታት አብረው የኖሩ ናቸው። ወደ እኛ ሲመጣ ዛፉ ብቻውን መጣ፤ የሚበሉት ባላንጣዎቹ ባብዛኛው እዚያው ቀሩ።

የሥነ ምህዳር ዋና ሐሳብ እዚህ አለ። አንድን ዛፍ ለማወቅ ዛፉን ብቻ ማየት አይበቃም። ማን ይበላዋል? ዘሩን ማን ይሸከምለታል? ሲወድቅ ማን ያበሰብሰዋል? መናገሻ ላይ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ መልስ አለ። የጽድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። የሴቷን ፍሬ ወፎች ይበሉትና ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ጉሬዛ ቅጠል ይበላል። ሆዱ ክፍልፋይ ስለሆነ ውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ያብላሉለታል። ከሥር ደግሞ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ በአገራችን ደጋ ብቻ የሚገኘው ጠቆር ያለ ድኩላ ይመላለሳል።

እንጦጦ ባህር ዛፍ ሥር መሬቱ ብዙ ቦታ ራቁቱን ነው። ይህ ሁሉ የዛፉ ጥፋት አይደለም። የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ ለማገዶ ይሄዳል። ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ቅጠሉ ከተወሰደ የሚበሰብስ ነገር የለም። የሚበሰብስ ከሌለ አፈሩ የሰጠውን መልሶ አያገኝም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያልተሸፈነው አፈር በጎርፍ ተጠርጎ ይወርዳል። የምድጃው ጉዳይ፣ የኑሮው ጉዳይ፣ የአፈሩ ጉዳይ አንድ ላይ የተሳሰሩ ናቸው። ሰውን አውጥቶ ስለ እንጦጦ ሥነ ምህዳር ማውራት አይቻልም።

መናገሻንም ቢሆን «የሰው እጅ ያልነካው ደን» አትበሉት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ የሚል ትውፊት አለ።

መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም

ባህር ዛፍ መጤ ነው። በአብዛኛው ግን ሰው በተከለው ቦታ ነው የሚቆመው። ወራሪ የሚባለው ሌላ ነው፤ ማንም ሳይተክለው ራሱን እያባዛ ቦታ የሚቀማ። ለዚህ ወደ አቃቂ እንውረድ።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለበት፤ ለዕፅዋት ማዳበሪያ ማለት ነው። እንቦጭ ደግሞ ይህን ይወዳል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውኃውን ሲሸፍነው ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም። ሞቶ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ከዚያ ዓሣው ይታፈናል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ተመሳሳይ ችግር ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከእንቦጭ የትውልድ አካባቢ የመጡ፣ እሱን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀቁ። አረሙን በእጅጉ ለመቀነስ ረድተዋል። ብቻውን ለመጣው ተክል ባላንጣውን ተከትለው አመጡለት ማለት ነው። ይህ ዘዴ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚለቀቀው ነፍሳት ሌላ ተክል እንደማይበላ አስቀድሞ መፈተን አለበት።

በነገራችን ላይ በርበሬም መጤ ነው። ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው። በቆሎና ድንችም እንደዚሁ። ማንም ግን ዶሮ ወጥን ወራሪ ብሎ አያውቅም።

ለፈተና የሚመጡትን ቃላት እዚህ ላይ ቶሎ እንጨርሳቸው። መናገሻ ያሉ ጉሬዛዎች በሙሉ አንድ ፖፑሌሽን ናቸው። ጉሬዛው፣ ጽዱ፣ ወፉ፣ ፈንገሱ አንድ ላይ ኮሙኒቲ ይባላሉ። በዚህ ላይ አፈሩን፣ ውኃውን፣ አየሩንና ብርሃኑን ስትጨምሩበት ሥርዓተ ምህዳር ይሆናል። ኃይል ከበዪ ወደ በዪ ሲያልፍ በየደረጃው የሚተላለፈው በግምት አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። አይጥ ብዙ፣ ጭልፊት ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ቃል ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። መጽሐፉ ላይ አብስባሾችና ጥንብ በላተኞች መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይጠቀሳሉ። ክብራቸው ይህ ብቻ አይደለም። ማታ ከተራራው ወደ ሰፈር የሚወርደው ጅብ አጥንት ሳይቀር ፈጭቶ ይበላል። ቄራ ዙሪያ የሚያንዣብበው ጥንብ አንሳም የሚሠራው ሥራ አለው። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳዎች በድንገት ማለቅ ጀመሩ። ምክንያቱ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት፣ ሥጋውን የበላው ወፍ ኩላሊቱ ይከሽፋል። የአንዳንዶቹ ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ቀነሰ። በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ። የባዘኑ ውሾች በዙ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ጨመረ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

የሱሉልታ ሯጭ እየተለወጠ ነው?

አሁን ወደ ሱሉልታ እንሻገር። ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ ለልምምድ የመጣ ሯጭ መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቀስ በቀስ ግን ኩላሊቱ አንድ ሆርሞን ያመነጭና ቀይ የደም ሴሎቹ ይበዛሉ። ከዚያ ይሻለዋል።

ይህ ዝግመተ ለውጥ ነው? አይደለም። ሯጩ ወደ ቆላ ሲመለስ ደሙም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ልጅ ቢወልድ ልጁ ያንን ደም አይወርስም። ሰውነቱ ድሮውኑ የነበረውን ችሎታ ተጠቀመበት እንጂ ዘረመሉ አልተለወጠም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በዝግመተ ለውጥ ግለሰብ አይለወጥም። የሚለወጠው ፖፑሌሽን ነው፤ እሱም በትውልዶች ውስጥ።

እውነተኛውን ለውጥ ለማየት ከፍታ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩ ሕዝቦችን ማየት ነው። በዓለም ላይ ሦስቱ በደንብ የተጠኑት የአንዲስ ተራሮች፣ የቲቤትና የኢትዮጵያ ደጋ ሰዎች ናቸው። የሚገርመው ሦስቱ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከፍ ያለ ነው። ይህም ዋጋ አለው፤ ደሙ ሲወፍር አንዳንዶቹን ያሳምማል። ቲቤቶች ሄሞግሎቢናቸውን ያን ያህል ሳይጨምሩ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለካ። ሄሞግሎቢናቸውም፣ በደማቸው ያለው የኦክሲጅን መጠንም ባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። አንድ ችግር፣ ሦስት መንገድ።

ለምን ሦስት? ተፈጥሮ አስቀድማ የምታቅደው ነገር ስለሌለ ነው። ተፈጥሯዊ መረጣ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። በአንድ ፖፑሌሽን አባላት መካከል ልዩነት ይኑር። ልዩነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ። በዚያ ልዩነት ምክንያት አንዳንዱ ከሌላው የበለጠ ልጅ ያሳድግ። በቃ። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? በዋናነት ዘረመል ሲገለበጥ ከሚፈጠር ስህተት፣ ማለትም ከሚውቴሽን። ስህተቱ ማን ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም። በየቦታው የተገኘው የተለያየ ነው፤ የተመረጠውም ከተገኘው ውስጥ ነው።

ስለዚህ «ዛፉ ቅጠሉ እንዳይበላ ዘይት አበጀ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ተጠንቀቁ። ለአፍ ይመቻል እንጂ ዛፍ አያስብም። ዘይት የነበራቸው ዛፎች ከሌሎቹ ይልቅ ተረፉና ዘራቸው በዛ። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ሺህ ዓመት የሚፈጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1977 ከባድ ድርቅ ሆነ። ትናንሽ ፍሬዎች አለቁ፤ ትልቅና ጠንካራው ቀረ። እዚያ ከሚኖሩት ፊንች የሚባሉ ወፎች ወፍራም ምንቃር የነበራቸው ይበልጥ ተረፉ። የሚቀጥለው ትውልድ አማካይ ምንቃርም ወፈረ። ተመራማሪዎቹ ወፎቹን አንድ በአንድ እየያዙ ለክተዋቸው ስለነበር ለውጡን በዓይናቸው አዩት። ከዚህም የቀረበ ምሳሌ ከሰፈራችሁ ፋርማሲ አለ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ ለጉንፋን ሳይቀር ይዋጣል። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱ ምንም አያደርገውም። ሰውነታችን ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒቱ የሚገድላቸው ያልቃሉ። የሚቋቋሙት ጥቂቶች ሜዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አንዷም ባክቴሪያ ምንም አልተማረችም። የተለወጠው የቀሩት ስብጥር ነው።

«ከዝንጀሮ ነው የመጣነው?» የሚለው ጥያቄ በየክፍሉ ሳይነሳ አይቀርም። ሳይንሱ የሚለው እንደሱ አይደለም። ዛሬ ያለው ዝንጀሮና ሰው በሩቅ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። አንጎሏ ግን ትንሽ ነው። እምነትን በተመለከተ ቤተሰብና የሃይማኖት አባት ይጠየቃሉ፤ የባዮሎጂ ፈተና የሚጠይቀው ማስረጃውን ነው።

ደጋው ደሴት ነው

ጠዋት ጠዋት በጩኸቱ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን፣ ረጅም ጎባጣ ምንቃር ያለውን ጠቆር ያለ ትልቅ ወፍ ታውቁታላችሁ። ግቢ ሣር ላይ ትል ሲለቅም ይውላል። ተራ ወፍ ይመስለናል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ ግን የትም የለም። ከውጭ አገር ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው እሱን አይቶ ካሜራውን ያወጣል።

እንዲህ ያሉ፣ አንድ አካባቢ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ብርቅዬ ይባላሉ። ከ6,000 ያህል የአገራችን ዕፅዋት ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብርቅዬ ነው። ይህን ያህል ለምን በዛ? ከአፍሪካ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነው መሬት 80 በመቶ ያህሉ እኛ ጋ ነው። ዙሪያውን ደግሞ ሞቃት ቆላ ከቦታል። ለደጋ እንስሳ ቆላው እንደ ባሕር ነው፤ አይሻገረውም። ተነጥሎ የቀረ ፖፑሌሽን ከሌላው ጋር ሳይዋለድ ብዙ ዘመን ሲቆይ የራሱን መንገድ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሌላ ዝርያ ይሆናል።

ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ጫፍ ብቻ ከፍታው ከ2,100 ገደማ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በአንድ ሺህ ሜትር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አቃቂ ጥቁር መሬት ላይ ጤፍ ይዘራል፣ ሱሉልታ ገብስ። ገበሬው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ የከፋፈለው ማንም ሥነ ምህዳር ሳያስተምረው ነው።

የሱሉልታ ሜዳ ላይ ደግሞ ጉሮሮው ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ቀለበት ያለበት ወፍ አለ። ይህም የእኛው ደጋ ብርቅዬ ነው። አሜሪካ ሣር ሜዳ ላይ እሱን የሚመስል ቢጫ ደረት ወፍ ይኖራል። ዘመዳሞች ናቸው ትላላችሁ። አይደሉም፤ ቤተሰባቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ መልክ አወጣላቸው። መልክ ብቻውን ዝምድናን አይመሰክርም።

አንድ ገብስ ገብስ ሁሉ አይደለም

ብዝኃ ሕይወት ሲባል ብዙ ሰው የዝርያ ብዛት ብቻ ያስባል። ከዝርያ በላይ የሥርዓተ ምህዳር ልዩነት አለ፤ ደን፣ ሜዳ፣ ረግረግ። ከዝርያ በታች ደግሞ የዘረመል ልዩነት አለ። ይህ ሦስተኛው ዓይን ውስጥ ስለማይገባ ይረሳል።

የዱር ገብስ ሲደርስ ፍሬው በራሱ ይረግፋል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ማጨድ ሲጀምሩ እጃቸው ላይ የቀረው ያልረገፈው ነበር። መልሰው የዘሩትም እሱን ነው። በዚህ መንገድ የማይረግፍ ገብስ መጣ። እኛ አገር ከገባ በኋላ ገበሬዎች በየተራራውና በየሸለቆው የየራሳቸውን መረጡ። ለጠላ የሚሆን፣ ለቆሎ የሚሆን፣ ውርጭ የሚችል፣ ቶሎ የሚደርስ። እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ባየው ልዩነት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት።

ጥቅሙ የታየው ሩቅ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሽክሽ በሚባል ትንሽ ተባይ የሚተላለፍ ቫይረስ ገብሱን ቢጫ እያደረገ ያቀጭጨው ነበር። መቋቋሚያው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ለዘመናት ሲዘራ የኖረው ገበሬ ስሙ የትም አልተጻፈም። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተውና ዛሬ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የዘር ባንክ እንዲህ ያሉ ዘሮችን በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ማስቀመጡ ጥሩ ነው። ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ከአዲስ በሽታና ከአዲስ አየር ጋር አይታገልም። ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ እየተመረጠ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሜዳው ባዶ መሬት አይደለም

አሁን በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ተማሪውም ይወጣል፣ መሥሪያ ቤቱም ይወጣል። በጎ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሣር ሜዳና ረግረግ ሁሉ «ባዶ ቦታ» ተብሎ መቆጠሩ ነው። ቤት የሚሠራ ባዶ ነው ይለዋል፤ ዛፍ የሚተክልም ባዶ ነው ይለዋል።

ክንፈ ሰማያዊ ዝይ የሚባለው የደጋችን ብርቅዬ ወፍ ሱሉልታና ገፈርሳ አካባቢ ይታያል። ሣር ነው የሚግጠው፤ እርጥብ፣ አጭር ሣር። ጉሮሮ ቢጫውም ወፍ ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ረግረጉ ደርቆ ችግኝ ቢተከልበት አረንጓዴነቱ ይጨምር ይሆናል፤ እነሱ ግን መሄጃ የላቸውም። ከደጋው በላይ ሌላ ደጋ የለም። የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ዝርያዎች ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ተራራው ግን ጫፍ አለው።

ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት የተወሰኑ ነገሮች ጠይቁ። እዚህ ቦታ ድሮ የነበረው ደን ነው ወይስ ሜዳ? ደን ከነበረ ምን ዓይነት ዛፍ? የምንተክለው አንድ ዓይነት ነው ወይስ የተቀላቀለ? ጽድ ከሆነ ፍሬውን የሚበላ ወፍ አካባቢው ላይ አለ? የምንተክለው ለማገዶ ከሆነስ የማገዶው ቦታ ለብቻው ተለይቷል? የአካባቢው ሽማግሌዎች ከብዙ ባለሙያ ቀድመው ይመልሱላችኋል፤ በተለይ የመጀመሪያውን።